የተዘረፈ ሰው ሁለት ነገር ያጣል

ወንጀል በተፈጸመ ጊዜ ሰዎች ተሰብስበው የሚጠያየቁት ስለ ወንጀለኛው ነው። ማን ነው? ከየት መጣ? ተያዘ ወይስ አመለጠ? ስንት ዓመት ተፈረደበት? እያሉ ነገሩን ሲያወጡና ሲያወርዱ ይውላሉ። በሩ በተሰበረው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ጎሕ እስኪቀድ ድረስ ዐይኑን ሳይከድን ያደረውን ሰው የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ያሉት ይኸን ተመልክተው ይመስለኛል። እኔም፥ ወጣት አንባቢዎች ሆይ፥ ከጥንት ጀምሮ ሕግ አውጪዎች ለተበዳይ ምን እንዳሰቡለት፥ ምንስ እንደ ረሱበት በአጭሩ ላጫውታችሁ እወዳለሁ።

የተዘረፈ ሰው ሁለት ነገር ያጣል። አንደኛው ገንዘቡ ነው፤ ይኸ ይቈጠራል፥ ይጻፋል፥ ዕድል ከቀናም ይመለሳል። ሁለተኛው የልብ ዕረፍቱ ነው፤ ይኸን ግን የሚመዘግበው ጸሐፊ የለም። በሰፈራችን ይኖሩ የነበሩ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ሌሊት ሌባ ገብቶ ሣጥናቸውን ሰብሮ ጥቂት ልብስና የጆሮ ወርቃቸውን ወሰደባቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌባው ተይዞ ወርቁ ተመለሰ። እንኳን ደስ ያለዎት ልላቸው ብሄድ፥ በራቸው ላይ ሁለት መቀርቀሪያ አስጨምረው፥ ድመት በጣራው ላይ ስትዘል ክው እያሉ አገኘኋቸው። «ልጄ፥ ወርቁስ ተመለሰ፤ ቤቴ ግን አልተመለሰልኝም» አሉኝ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ማለት ይኸው ነው። እኒህ እናት እንቅልፍ ያገኙት የጎረቤት ሴቶች ተራ ገብተው አብረዋቸው ማደር ከጀመሩ በኋላ ነው። ከዚህ የምንረዳው ፍርሃት ብቻውን በተቀመጠ ሰው ላይ እንደሚበረታ ነው።

የጥንት ሕግ አውጪዎች ይኸን ነገር ሳያውቁት አልቀሩም። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1792 እስከ 1750 በባቢሎን የነገሠው ሐሙራቢ ሕጉን በጥቁር ድንጋይ ላይ አስቀርጾ ነበር። ድንጋዩ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1901 እና በ1902 በፋርስ አገር ሱሳ በምትባል ጥንታዊት ከተማ ተቈፍሮ ወጣ፤ ዛሬም በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር ይገኛል። በዚያ ሕግ መሠረት ቀማኛ ከተያዘ በሞት ይቀጣል። ያልተያዘ እንደ ሆነ ግን የተቀማው ሰው የጠፋበትን ሁሉ በአምላክ ፊት ያስታውቃል፤ ቅሚያው የተፈጸመባት ከተማና ሹሟም የጠፋውን ይተኩለታል። ነፍስ ጠፍታ እንደ ሆነ ደግሞ ከተማዪቱና ሹሟ ለሟቹ ዘመዶች አንድ ምናን ብር፥ ማለት ግማሽ ኪሎ ያህል፥ ይከፍላሉ። እንግዲህ ሌባው ቢያመልጥም ተበዳዩ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር ማለት ነው።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 የተጻፈውም ሥርዓት ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ገዳዩ ያልታወቀ ሰው በሜዳ ወድቆ ሲገኝ ሽማግሌዎችና ዳኞች ወጥተው ሬሳው ካለበት ቦታ እስከ አካባቢው ከተሞች ድረስ ያለውን ርቀት ይለካሉ። ከሁሉ የቀረበችው ከተማ ሽማግሌዎች ለሥራ ያልዋለች ጊደር ወደ ሸለቆ ወስደው አንገቷን ይሰብራሉ፤ እጃቸውንም ታጥበው ከደሙ ንጹሕ መሆናቸውን ይናገራሉ። ርቀቱ የሚለካው ያለ ነገር አይደለም፤ የቀረበ ሰው ይጠየቃልና ነው።

በእንግሊዝ አገርም ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ በ1285 በዊንቸስተር ባወጣው ሕግ በአንድ ወረዳ ውስጥ ቅሚያ ተፈጽሞ ወንበዴው ያልተያዘ እንደ ሆነ የወረዳው ሕዝብ ኀላፊ እንዲሆን አዘዘ። በገበያ ከተሞች መካከል ባለው መንገድ ግራና ቀኝ 200 ጫማ ያህል ቁጥቋጦው እንዲመነጠር፥ የከተማም በር ከፀሐይ መግቢያ እስከ ፀሐይ መውጫ እንዲዘጋ አደረገ። ነጋዴ በፍርሃት የሚሄድበት መንገድ የማንም መንገድ እንዳልሆነ ንጉሡ ተረድቶ ነበር።

በአገራችንም አውጫጪኝ ወይም አፈርሳታ የሚባል ሥርዓት ነበር። ከብት ሲሰረቅ፥ ቤት ሲቃጠል፥ ሰው ሲገደል የአገሩ ሕዝብ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረም መቀጫ ይከፍላል። እያንዳንዱ በመሐላ ይጠየቃል፤ ስሙ እንዳይገለጥ የሚፈራውም «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ የሰማውን ያወጣል። ጥፋተኛው ያልተገኘ እንደ ሆነ አገሬው አዋጥቶ ተበዳዩን ይክሳል። ባቢሎን፥ እንግሊዝና ኢትዮጵያ ሳይመካከሩ በአንድ ሐሳብ ተገናኙ፤ ይኸውም በጎረቤት ላይ የደረሰ ጥቃት የሰፈሩ ሁሉ ዕዳ ነው የሚል ነው።

ነገር ግን ታሪክን የሚያነብ ሰው መልካሙን ብቻ መርጦ ማንበብ አይገባውም። ሕዝብን በጅምላ ማስከፈል ምንም ያልበደለውንም ይጎዳል። ከዚህም የባሰ ሌባሻይ የሚባል ልማድ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡና በወገቡ ገመድ አስረው ይለቁታል፤ እርሱም እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። የተዘረፈው ሰው ልቡ እንዲያርፍለት ሲል ሌላ ንጹሕ ሰው ቤቱ ይፈርሳል። ፍርሃት የወለደው ፍርድ አንዱን ተበዳይ ሁለት ያደርገዋል።

ስለዚህ የኋላ ዘመን መንግሥታት ነገሩን ከሕዝብ እጅ ወስደው በሠለጠነ ዳኛና ፖሊስ እጅ አደረጉት። በ1829 ሮበርት ፒል የለንደንን ፖሊስ ሲያቋቁም ይኸው ሐሳብ ጠንክሮ ታየ። ጥቅሙ ታላቅ ነው፤ ቂም በቀል ቀንሷል፥ ማስረጃም ከጥርጣሬ በላይ ተከብሯል። ይሁን እንጂ ከሳሹ መንግሥት፥ መቀጫውም የመንግሥት ገንዘብ በሆነ ጊዜ ተበዳዩ ከባለጉዳይነት ወደ ምስክርነት ወረደ። ተጠርቶ ቃሉን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ «ሂድ» ይባላል።

ይኸን ጉድለት ተመልክታ ከተናገሩት አንዷ በ1958 ያረፈችው እንግሊዛዊት ማርጀሪ ፍራይ ናት። የወንጀለኞች አያያዝ እንዲሻሻል ዕድሜዋን ሙሉ የደከመች ይህች ሴት በመጨረሻ ዘመኗ ለተጎዱትም መንግሥት ካሣ እንዲከፍል ጠየቀች። ኒው ዚላንድ በ1963 እንዲህ ያለውን ሕግ አውጥታ በ1964 ሥራ ላይ አዋለች፤ እንግሊዝም በዚያው ዓመት ተከተለች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1985 ባወጣው መግለጫ ተበዳዮች በርኅራኄና በክብር እንዲያዙ አሳሰበ። በአገራችንም የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ በኋላም የተተካበት የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፥ ተበዳዩ የካሣ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ እንዲያቀርብ ፈቅደዋል።

ይሁን እንጂ ሕግ የጠፋውን ገንዘብ ሊያስመልስ ይችላል እንጂ እንቅልፍን ሊያስመልስ አይችልም። ይኸ ለእኛ የተተወ ሥራ ነው። ጎረቤታችሁ ሲዘረፍ «በሩን ለምን አልዘጋህም? በዚያ ሰዓት ለምን ወጣህ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ የሌባውን ጥፋት ወስዶ በተሰረቀው ጫንቃ ላይ ይጭናል። ይልቁንም ሄዳችሁ ጠይቁት፥ የሚናገረውን ሳትሰለቹ ስሙት፥ ያያችሁት ነገር ካለ በዳኛ ፊት ሳትፈሩ መስክሩለት፥ በማታም እስከ በሩ ሸኙት። በግምት ግን ማንንም ሌባ አትበሉ፤ የሌባሻይን ልጅ የሚመራው ገመድ ዛሬም በወሬኛ ምላስ ሊጎተት ይችላልና። በሐሙራቢ ድንጋይ ላይ ቅሚያ የተፈጸመባት ከተማ ዕዳውን እንድትከፍል ታዝዛ ነበር። እኛን እንዲህ ብሎ የሚያዘን ንጉሥ የለም፤ ስለዚህ ወደን ልንከፍለው ይገባናል።