ምስክርና ጠቋሚ

ታሪክ የሚጠናው ከመዝገብና ከደብዳቤ ብቻ አይደለም፤ ፊልምም የዘመኑ ሰነድ ነው። ሆኖም እንደማናቸውም ሰነድ «ማን ሠራው? ለምንስ ሠራው?» ተብሎ ሊመረመር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1954 በኤሊያ ካዛን አዘጋጅነት የወጣው «ኦን ዘ ዋተርፍሮንት» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

የፊልሙ ባለታሪክ ቴሪ የቀድሞ ቦክሰኛ ነው። ታላቅ ወንድሙ ቻርሊ የወደብ ሠራተኞችን ማኅበር በጉልበት ለያዙ ወሮበሎች ያድራል። ለእነርሱ ውርርድ ሲባል ቴሪ ሊያሸንፍ የሚችለውን ግጥሚያ ሆን ብሎ እንዲሸነፍ ያደረገው ይኸው ወንድሙ ነው። በኋላ ግን ቻርሊ ወንድሙን አሳልፎ አልሰጥም በማለቱ ይገደላል። ቴሪም በአጣሪ ኮሚሽን ፊት ቆሞ ስለ ወሮበሎቹ የነፍስ ግድያ ይመሰክራል።

ነገሩ ፈጠራ ብቻ አልነበረም። ጋዜጠኛው ማልኮልም ጆንሰን የኒውዮርክ ወደብን ወንጀል በ1948 አጋልጧል። ታዋቂው ቦክሰኛ ጄክ ላሞታም በ1947 ከቢሊ ፎክስ ጋር ባደረገው ግጥሚያ ሆን ብሎ መሸነፉን በ1960 በአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ፊት አምኗል። ይህን ያደረገው ለዓለም ሻምፒዮናነት የመጋጠም ዕድል ለማግኘት ነበር።

ይሁን እንጂ ካዛን ራሱ በ1952 በምክር ቤት አጣሪ ኮሚቴ ቀርቦ የኮሙኒስት ፓርቲ አባላት የነበሩ የቀድሞ የቴአትር ጓደኞቹን ስም ሰጥቷል። የፊልሙ ደራሲ በድ ሹልበርግም ቀደም ብሎ በ1951 እንዲሁ አድርጓል። ስለዚህ ብዙዎች ፊልሙን የሠሪዎቹ መከላከያ አድርገው ይመለከቱታል።

እዚህ ላይ መለየት ያለብን ነገር አለ። ቴሪ የተናገረው ስለ ተፈጸመ ግድያ፣ በኃይለኞች ላይ ነው። ካዛን ስማቸውን የሰጣቸው ሰዎች ግን የተጠየቁት በአመለካከታቸው ነበር። በቋንቋችን የፊተኛው ምስክር፣ የኋለኛው ጠቋሚ ይባላል።

አሳብ እንደ ወንጀል ሲቆጠር ፍጻሜው ምን ሊሆን እንደሚችል ጎረቤታችን ሱዳን ታሳየናለች። ከካርቱም ማዶ፣ በባሕሪ፣ በኮበር ወህኒ ቤት ማሕሙድ ሙሐመድ ጣሃ ጃንዋሪ 18 ቀን 1985 በስቅላት ተገደሉ። ለእስር ያበቃቸው የመንግሥቱን ሕግ የሚቃወም ጽሑፍ ማሰራጨታቸው ነበር። የኒሜሪ መንግሥትም ሦስት ወር ሳይሞላው ወደቀ።

እንግዲህ መምህራን ይህን ለተማሪዎቻችን ስናቀርብ ሦስት ጥያቄዎችን እናስከትል፦ ተናጋሪው የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው ወይስ ስለ አሳብ? የሚናገረው በኃይለኛው ላይ ነው ወይስ ለኃይለኛው? በመናገሩስ የተጎዳው ማን ነው?