የሴሉሎስ ናኖክሪስታል

የሴሉሎስ ናኖክሪስታል ከዕፅዋት ሴሉሎስ የሚወጣ፣ የዘንግ ቅርጽ ያለው እጅግ ጥቃቅን ቅንጣት ነው። ከእንጨት የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 10 ናኖሜትር ውፍረትና ከ100 እስከ 200 ናኖሜትር ርዝመት አለው። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ማለት ነው።

ምንጭና ታሪክ

ሴሉሎስ የግሉኮስ ሞለኪውሎች ተቀጣጥለው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ሲሆን የዕፅዋት ሕዋስ ግድግዳ ዋና አካል ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሴልም ፓየን በ1838 እ.ኤ.አ. ለይቶ አወጣው። በዕፅዋት ጭረት ውስጥ ሰንሰለቶቹ አንዳንድ ቦታ በሥርዓት ተደርድረው ክሪስታል ይሠራሉ፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ሥርዓት የላቸውም። በ1940ዎቹ መጨረሻ ስዊድናዊው ቤንግት ሮንቢ ሴሉሎስን በሰልፈሪክ አሲድ ሰባብሮ በውኃ ውስጥ ተንሳፎ የሚቆይ ቅንጣት አገኘ። ለዝግጅቱ እንጨትና ጥጥ የተለመዱ ናቸው። በኢትዮጵያ የጤፍ ገለባ፣ የእንሰት ቃጫና የቡና ገለፈት ለዚሁ ተጠንተዋል።

አዘገጃጀት

1. ማጽዳት፦ ጥሬ ዕቃው በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይቀቀላል፣ ከዚያም ይነጣል። በዚህም ሊግኒንና ሄሚሴሉሎስ ይወገዳሉ።
2. በአሲድ መሰባበር፦ ንጹሑ ሴሉሎስ 64 በመቶ ክብደት ባለው ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ፣ በ45 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ለ45 ደቂቃ ያህል ይታሻል። አሲዱ ሥርዓት የሌለውን ክፍል በፍጥነት ይበላል፤ ጥብቅ የሆነው ክሪስታል ግን ይተርፋል። ጊዜው ወይም ሙቀቱ ከበዛ ክሪስታሉም ወደ ስኳር ይለወጣል።
3. ማቆምና ማጠብ፦ ድብልቁ በአሥር እጥፍ ቀዝቃዛ ውኃ ይቀጥናል። የቀረው አሲድ በሴንትሪፉጅና በዳያሊሲስ ይወጣል።
4. መበተን፦ የተጣበቁ ቅንጣቶች በአልትራሳውንድ ይለያያሉ።

ሰልፈሪክ አሲድ በቅንጣቱ ገጽ ላይ አሉታዊ ሙል ያላቸው የሰልፌት ቡድኖችን ይተዋል። ቅንጣቶቹ በዚህ ምክንያት ስለሚገፋፉ በውኃ ውስጥ አይዘቅጡም። በሃይድሮክሎሪክ አሲድ የተዘጋጁት ግን ይህ ሙል ስለሌላቸው በቀላሉ ይጓጉላሉ።

ልኬት

የዘንግ መጠን በአንድ ቁጥር አይገለጽም። የተለያዩ መሣሪያዎችም የሚለኩት የተለያየ ነገር ስለሆነ ለአንድ ናሙና የተለያየ ውጤት ይሰጣሉ።

የብርሃን ብተና፦ ቅንጣቶቹ በውኃ ውስጥ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚንቀጠቀጡ በሌዘር ይለካል፤ ከፍጥነቱም ዲያሜትር ይሰላል። ስሌቱ ግን ቅንጣቱን እንደ ሉል ይቆጥረዋል። 5 ናኖሜትር ውፍረትና 150 ናኖሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ 40 ናኖሜትር ገደማ ዲያሜትር ካለው ሉል ጋር በተቀራረበ ፍጥነት ይንቀሳቀሳል። ይህ ቁጥር ውፍረቱም ርዝመቱም አይደለም። ዘዴው ፈጣን ስለሆነ ቅንጣቶች መጓጎል አለመጓጎላቸውን ለመከታተል ይጠቅማል።

ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ፦ ርዝመትንና ውፍረትን በቀጥታ ያሳያል። ሴሉሎስ በራሱ ደብዝዞ ስለሚታይ ናሙናው ብዙ ጊዜ በዩራኒል አሲቴት ይቀለማል። ጎን ለጎን የተጣበቁ ዘንጎች እንደ አንድ ከተቆጠሩ ውፍረቱ ይጋነናል።

አቶማዊ ኃይል ማይክሮስኮፕ፦ ገጹን በቀጭን መርፌ ይዳስሳል። የመርፌው ጫፍ ራሱ ስፋት ስላለው ቅንጣቱ ወደ ጎን ከእውነተኛው ሰፍቶ ይታያል። ስለዚህ ውፍረት የሚነበበው ከከፍታው ነው።

ከመጠን ሌላ፣ የክሪስታል ድርሻ በኤክስሬይ ዲፍራክሽን ይለካል፤ ለስሌቱ በ1959 እ.ኤ.አ. የቀረበው የሴጋል ዘዴ የተለመደ ነው። የገጽ ሙል በዜታ ፖቴንሺያል ይገመታል፤ ከ30 ሚሊቮልት በላይ አሉታዊ ከሆነ ብትኑ የተረጋጋ ነው ይባላል። በዚህ ሁሉ ምክንያት የቅንጣት መጠን ሲዘገብ የጥሬ ዕቃው ምንጭ፣ የተለካበት መሣሪያና የተቆጠሩት ቅንጣቶች ብዛት አብሮ ይገለጻል።

ጥቅም

ናኖክሪስታል ፕላስቲክን ለማጠንከርና ፈሳሽን ለማወፈር ይውላል። ለማጠንከር በተለይ የርዝመትና የውፍረት ጥምርታው ወሳኝ ነው። ብትኑ በዝግታ ሲደርቅ ዘንጎቹ በጠመዝማዛ ሥርዓት ይደረደራሉ፤ የሚገኘውም ስስ ሽፋን ያለ ምንም ማቅለሚያ ባለ ቀለም ሆኖ ሊታይ ይችላል።