ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው በምን ይድናል?

ከእንጦጦ ራጉኤል ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የአዲስ አበባ የጦርነት ታሪክ ባንድ ዓይን ይታያል ብንል አላጋነንም። ምኒልክ ከነሠራዊታቸው የከተሙት እዚሁ ተራራ ላይ ነበር። ወደ ታች የምኒልክ ሆስፒታል አለ፤ ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ክረምት የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኛ ማከም ሲጀምር የጠነሰሰው ሥራ ፍሬ ነው። በየካ ተራራ ግርጌ ደግሞ ኮርያ ሰፈር ይገኛል። እኛ ግን እዚህ የምናነሣው በመርፌ የሚሰፋውን ቁስል አይደለም። ሌሊት የሚያባንነውን፣ በር ሲንኳኳ ልብ የሚያዘልለውን፣ ሰውን ከገዛ ልጆቹ የሚያርቀውን ሌላውን ቁስል ነው። ጥያቄያችንም አንዲት ናት፤ አንዱ ወታደር ታክሞ ሲሻለው ሌላው ያንኑ ሕክምና አግኝቶ ለምን አይሻለውም?

ለዚህ ቁስል ፈረንጅም ስም ለማውጣት ጊዜ ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1915 እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ማየርስ «የመድፍ ድንጋጤ» ብሎ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1970 ከቬትናም የተመለሱ አሜሪካውያን ኒውዮርክ ውስጥ እየተሰበሰቡ፣ ሊፍተንና ሻታን የተባሉ ሐኪሞች ባሉበት የሆነባቸውንና ያደረጉትን መነጋገር ያዙ። በሽታው በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መጽሐፍ ውስጥ የራሱን ስም ያገኘው ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ ነው። ዛሬ ዋናው ሕክምና ንግግር ነው፤ ታማሚው ያንን ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደጋግሞ እንዲናገር ይደረጋል፤ አስፈላጊ ሲሆን መድኃኒት ይጨመራል። ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ግምገማ እንዳሳየው፣ ከእነዚህ የንግግር ሕክምናዎች የተሻሉ የሚባሉትን ካገኙት ወታደሮች ብዙዎቹ ቀለል ቢላቸውም፣ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ሕክምናውን ሲጨርሱም በሽታው አልለቀቃቸውም። መጠጥ፣ ቁጣ፣ ሕክምናን በመንገድ ላይ ማቋረጥ፣ ዘግይቶ መምጣት፣ ሁሉም ያከብደዋል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ወታደሩ ሲመለስ ማን ተቀበለው የሚለው ነገር ትልቅ ድርሻ እንዳለው ተመራማሪዎቹ ይናገራሉ።

ታዲያ ይህን ይዘን ወደ ቤታችን እንግባ።

የዓድዋ ዘማች ሲመለስ ፉከራው፣ ሽለላው፣ ግብሩ ይጠብቀው ነበር። ፉከራ ሕክምና ነው አንልም፤ የሚያስፎክረው ጀግንነት እንጂ ፍርሃት አይደለምና። ነገር ግን ሰውዬው ያየውን የሚናገርበት አደባባይ፣ የሚሰማውም ጆሮ ነበረው።

ቃኘው ሻለቃን እንውሰድ። ከ1943 ጀምሮ ከ3,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ኮርያ ድረስ ዘምተው ተዋጉ። ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ አንድም የተማረከ አልነበረም። ሲመለሱ ክብር ነበረ፤ ንጉሠ ነገሥቱ መሬት ሰጧቸውና ኮርያ ሰፈር ተቆረቆረ። አብሮ የዘመተ ጎረቤት ማለት እኮ ቀላል ነገር አይደለም፤ ኒውዮርክ ላይ በስንት ድካም የተሰበሰበው ማኅበር እዚህ በአጥር ተዋስኖ ተገኘ! ከ1966 በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደርግ የሰሜን ኮርያ ወዳጅ ሆነ። በ1977 የተመረቀው የትግላችን ሐውልት እንኳ በሰሜን ኮርያውያን እገዛ የተሠራ ነው። ሰሜን ኮርያን የተዋጋ ሽማግሌ በዚያች ከተማ ውስጥ ሜዳሊያውን አድርጎ ምን ብሎ ይተርክ? አሥራ ሰባት ዓመት ዝም አለ። ያው ሰው፣ ያው ጦርነት፣ የተለወጠው የሚሰማው አገር ነው።

ከዚህ የከፋው የ1983ቱ ነው። ግማሽ ሚልዮን ያህል የሚሆን የቀድሞው ጦር ተበተነ። በሰኔ ወር የመልሶ ማቋቋም ኮሚሽን ተቋቁሞ ስንቅና መጓጓዣ ሰጥቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን ወታደሩ ይዞት የገባው ሽንፈትን ብቻ አልነበረም። በየካቲት 1980 የናደው ዕዝ አዛዥ ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በገዛ መንግሥታቸው ተረሸኑ፤ በማግሥቱ ወር አፍዓበት ላይ ዕዙ ተደመሰሰ። ጠላት ያቆሰለው ሌላ፣ የገዛ አለቃው የከዳው ሌላ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጆናታን ሼይ የቬትናም ዘማቾችን ሲያክም ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ የሚሟገተው ይህንኑ ነው፤ ክህደት ያየ ወታደር ሰው ማመን ያቅተዋል፤ ሰው ካላመነ ደግሞ ሐኪሙንም አያምንም። በእኛ አገር እንኳን የሚታመን፣ የሚገኝ ሐኪምስ የት ነበረ? ከ1930 ጀምሮ የነበረው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻውን የአገሩን ሁሉ ሸክም ተሸክሞ ኖሯል። የሥነ አእምሮ ሐኪም እዚሁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ነው። ጦሩ ከተበተነ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በዚህ መካከል ሰዉ ወደ እንጦጦ ጠበል ወጣ። አንዳንዶቻችን ይህን ስንሰማ ፈገግ እንላለን፤ ፈገግታው ግን የችኮላ ነው። ጠበልተኛ ማለዳ ይነሣል፤ ከአረቄ ይርቃል፤ አስታማሚ ዘመድ አጠገቡ ያድራል፤ «እብድ» የሚለውም የለም፤ ሁሉም በሽተኛ ነውና። ከላይ ሕክምናን ያከብዳሉ ያልናቸውን እስቲ ከዚህ ጋር አስተያዩአቸው። ክፉ ጎኑንም አንሸፍንም፤ በሰንሰለት የሚታሰር አለ፤ ክኒኑን ጥሎ የሚብስበት አለ። በ1999 አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒቱንና ጠበሉን አጣምረው እንዲይዙ መክረው ነበር። ለአእምሮ ሕሙምም ያው ምክር ሊሠራ አይችልም የሚል ካለ ምክንያቱን ይንገረን።

ቃኘዎች ከ1983 በኋላ እንደገና መናገር ችለዋል፤ በአፍንጮ በር መታሰቢያ ሐውልታቸው ቆሟል። ብዙዎቹ ግን በዚያ ጊዜ ስድሳን አልፈዋል። የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያው ስምምነት ሲቆም፣ በቀጣዩ ወር የተቋቋመው የተሐድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺሕ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሲቪል ሕይወት ለመመለስ አቅዷል። እነዚህ ከየአቅጣጫው የተዋጉ ናቸው፤ አንዱ መንደር ጀግና ያለውን ሌላው መንደር በሌላ ስም ይጠራዋል። ብርና ሥልጠና ይሰጣቸው ይሆናል። ያየውን ደግሞ ማታ እቤቱ ለማን ይናገር? ሚስቱ ትሰማዋለች? ጎረቤቱስ?