አዴኖማዮሲስ፦ ልጅ ለሚፈልጉ ሴቶች ያለው ሕክምና

አዴኖማዮሲስ የማህፀን ሕመም ነው። ማህፀንን ከውስጥ የሚሸፍነውና በየወሩ በወር አበባ የሚወርደው ሽፋን በማህፀኑ ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ይበቅላል። እዚያም ሆኖ በየወሩ ያብጣል፣ ይደማል፤ መውጫ ግን የለውም። ስለዚህ ማህፀኑ ይወፍራል፣ ቁርጠቱ ይበረታል፣ ደሙም ይበዛል። ካንሰር አይደለም። ከሚዮማም ይለያል፤ ሚዮማ እንደ ድንች ለብቻው የሚታይ እጢ ነው፣ ይህ ግን ብዙውን ጊዜ በሊጥ ውስጥ እንዳለ እርሾ የተሰራጨ ነው።

ሕመሙ እያለባት የምትወልድ አለች። በሌላዋ ግን ፅንሱ ለመያዝ ይቸገራል፣ ከያዘም በኋላ ሊጨናገፍ ይችላል።

በአገር ቤት ሴት በመርገም ጎጆ ስትቀመጥ ቀኑ የረዘመባትን ጎረቤት ያውቅ ነበር። እዚህ ልጆቻችን ቤታቸውን ዘግተው ይሠቃያሉ፤ እኛም «የሴት ዕጣ ነው፣ ቻይው» እንላለን። ይህን ምክር ብንተወው ይሻላል። ደሟ ከሳምንት በላይ የሚፈስ፣ የሚረጋ፣ ከሥራ የሚያስቀራት ከሆነ ሮፌ ናሺም ዘንድ ትሂድ። ድሮ ሕመሙ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ማህፀኑ ወጥቶ ሲመረመር ነበር፤ ዛሬ በአልትራሳውንድ፣ ሲያስፈልግም በኤምአርአይ ይታያል።

መውለድ ለጨረሰች ሴት ሆርሞን ያለው የማህፀን ሉፕ ይቀመጥላታል፤ የመጨረሻው አማራጭ ማህፀኑን ማውጣት ነው። ልጅ ለምትፈልግ ግን መንገዱ ሌላ ነው። በላቦራቶሪ የተዘጋጀው ፅንስ በቅዝቃዜ ይቀመጥና እሷ ለ2 ወይም ለ3 ወር የሆርሞን መርፌ ትወጋለች። መርፌው የወር አበባን ለጊዜው ያቆማል፣ ማህፀኑም ያርፋል፣ ይቀንሳል። ከዚያ ፅንሱ ይገባል። ሙቀትና ላብ፣ እንቅልፍ ማጣትም ያመጣል፤ ሲቆም የወር አበባ ይመለሳል። ለሁሉም ይሠራል ማለት አይደለም። ሕመሙ በአንድ ቦታ ከተከማቸ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል፤ ነገር ግን ጠባሳው በእርግዝና ጊዜ ሊቀደድ ስለሚችል ልምድ ያለው ሀኪም ይፈልጋል።

መርፌ ሲባል የምንደነግጥበት ምክንያት አለን። በዴፖ ፕሮቬራ የተነሣውን ጩኸት ሁላችንም እናስታውሳለን። በጥር 2013 የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ሮኒ ጋምዙ፣ የመርፌውን ውጤት ላይረዱ ይችላሉ ተብሎ ለሚታሰቡ የኢትዮጵያ ተወላጆችና ሌሎች ሴቶች ማዘዣው እንዳይታደስ ለኩፓት ሆሊሞች አዘዙ። ዴፖ ፕሮቬራ እርግዝናን ለመከላከል ነው፤ አሁን የምንናገረው መርፌ ለእርግዝና ማህፀኑን ለማዘጋጀት ነው። ሆኖም ማንም በጭፍን ይወጋ አንልም። የመድኃኒቱን ስም፣ ለስንት ወር እንደሆነ፣ ሲቆም ምን እንደሚመጣ ገብቷት መስማማት እንዳለባት በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ ይደነግጋል። አስተርጓሚም ትጠይቅ። ልጇን ወይም የባሏን እህት ይዛ መሄድ ለዚህ ጉዳይ አይመችም፤ የምትደብቀው ነገር ይኖራታል።

ወጪው አያስፈራችሁ። የላቦራቶሪ ፅንስ ሕክምና በራሷ እንቁላል እስከ 45 ዓመቷ፣ እስከ 2 ልጅ ድረስ በጤና ዋስትና ሕግ ይሸፈናል። እዚህ ቤር ሼቫ ሶሮካ ሆስፒታል የመካንነት ክፍል አለው፤ ከኩፓት ሆሊሟ ቶፌስ 17 ይዛ ትሄዳለች። ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ለ6 ወር ሞክራ ካላረገዘች አትቆይ፤ ባሏም አብሯት ይመርመር። የወር አበባዋ የመጣበትንና የቆመበትን ቀን፣ ሕመሙ የበረታበትንም ጽፋ ብትይዝ ሀኪሙ በቶሎ ይረዳታል።