ያረጀ የአደን ውሻ አያያዝ

የአደን ውሻ እንደ ዘሩና እንደ ግዝፈቱ ቢለያይም፣ ከ7 ዓመቱ ገደማ ጀምሮ እንደ አሮጌ ይቆጠራል። በዚህ ዕድሜ ጡንቻው ይሳሳል፤ መገጣጠሚያውም ሊታመም ይችላል። ስለዚህ ለቀናት አሳርፎ አንድ ቀን ሙሉ ከማስሮጥ ይልቅ በየቀኑ ለአጭር ጊዜ ማንቀሳቀስ ይሻላል።

ውሻ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው። በባሮ ወንዝ ዳር እንደምትገኘው ጋምቤላ ከተማ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ትልቁ አደጋ ሙቀት ነው። አሮጌ ውሻ ቢደክመውም ማሳደዱን ላያቆም ስለሚችል ባለቤቱ ሊያስቆመው ይገባል። ጉዞው ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ውሻው ከተንገዳገደ ወደ ጥላ ወስዶ ገላውን በውኃ ማራስና ወደ እንስሳት ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል።

በክልሉ የሚገኘው የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ ውሻንም ይይዛል። ክሳትና ድካም የበሽታው ምልክቶች በመሆናቸው፣ ሳይመረመሩ በእርጅና ብቻ መሳበብ የለባቸውም።