የማን ደመና? ለማን ደመና?

«የሕዝብ ደመና» የሚለው ስያሜ በሥልጠና ሰነዶችና በቴክኖሎጂ ዜናዎች እየተለመደ መጥቷል። ከጎኑ «የግል ደመና»፣ «የማኅበረሰብ ደመና» እና «ድብልቅ ደመና» ይሰለፋሉ። የአራቱም አወላለድ አንድ ዓይነት ነው፦ የእንግሊዝኛው ቃል መዝገበ ቃላት ላይ ይፈለጋል፣ መጀመሪያ የተገኘው ፍቺ ይነሣል፣ ከ«ደመና» ጋር ይለጠፍና ሥራው አለቀ ይባላል። ችግሩ ትርጉሙ አስቀያሚ መሆኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጆሮ ቀስ በቀስ ይለምደው ነበር። እነዚህ ስሞች ግን ጀማሪውን ያሳስታሉ፤ ሁለቱ እንዲያውም ነገሩን ገልብጠው ነው የሚያሳዩት።

ከደመናው ራሱ እንጀምር። የስልክና የኔትወርክ መሐንዲሶች ዝርዝሩ የማያስፈልጋቸውን የመስመር ክፍል በንድፋቸው ላይ በደመና ቅርጽ ይከቡት ነበር፤ ውስጡ ምን እንዳለ አትጨነቅ ለማለት። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 መጋቢት ላይ የፋይል ማከማቻ፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ የኮምፒውተር ጉልበት በሰዓት ማከራየት ሲጀምር ያ የንድፍ ምልክት የገበያ ስም ሆነ። ዕቃው ያለው ሰማይ ላይ ሳይሆን መብራት፣ ማቀዝቀዣና ዘበኛ ባለው ሕንፃ ውስጥ ነው። ቢሆንም «ደመና» ጥሩ ቃል ነው። ከግዕዝ ጀምሮ ያለ፣ ሰማዩ «ዳመነ» ተብሎ ግስ የሚወጣለት፣ ማንም ገበሬ የሚያውቀው ቃል ነው። ጎረቤቶቻችንም ከራሳቸው ቃል አልሸሹም፤ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ዳታ ማዕከል ያለው ዊንጉ የተባለው ኩባንያ ስሙ በስዋሂሊ ደመና ማለት ነው።

ክላውድ ኮምፒውቲንግን «የደመና ስሌት» ማለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስሌት ሒሳብ መሥራት ነው፤ ቃሉን የሰማ ሰው የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ ደመና ሲቆጥር ቢታየው አይፈረድበትም። ኮምፒውተር የሚሠራው ሁሉ በመሠረቱ ስሌት ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ደንበኛው የሚገዛው ግን ማከማቻ፣ ጉልበትና ፕሮግራም ነው፤ ስለዚህ «የደመና አገልግሎት» ይበቃል። ከሰማዩ ጋር መጋጨቱ ደግሞ እውነተኛ አደጋ ነው። በ2013 ዓ.ም. መንግሥት ዝናብ ለማዝነብ የጀመረው ሥራ «ደመና ማበልጸግ» ተብሎ በዜና ተነገረ። ሶፍትዌር መሥራትም በዘመኑ አማርኛ «ማበልጸግ» ነው። አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቅ «ደመና አበለጽጋለሁ» ቢል አርሶ አደሩ መቼ እንደሚዘንብ ሊጠይቀው ይችላል።

በእንግሊዝኛ ፐብሊክ፣ ፕራይቬት፣ ኮሚዩኒቲና ሃይብሪድ ወደሚባሉት አራቱ እንመለስ። መነሻቸው የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በምኅጻሩ ኒስት፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ያወጣው አጭር ሰነድ ነው፤ ፒተር ሜልና ቲሞቲ ግራንስ ጽፈውታል። ሰነዱ የደመና አገልግሎትን በአሰማራሩ አራት ቦታ ይከፍላል። ክፍፍሉን ለመረዳት ዳታ ማዕከል መጎብኘት አያስፈልግም፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አዲስ አበባ መገናኛ መቆም በቂ ነው።

ሚኒባሱ በር ላይ የተንጠለጠለው ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ይጣራል። ሒሳብ የከፈለ ሁሉ ይሳፈራል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ማን እንደሆነ አይጠይቅም፣ ስለ ጎማውም ስለ ዘይቱም አያስብም። ይህ ፐብሊክ ክላውድ ነው። ከኋላው የቆመው የአንድ ባንክ ሰርቪስ ነው። ግማሽ ወንበሩ ባዶ ቢሆን እንኳ ከባንኩ ሠራተኛ በቀር ማንም አይገባበትም፤ ፕራይቬት ክላውድ ማለት ይህ ነው። አውቶቡሱ የባንኩ ንብረት ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ ባለንብረት በኮንትራት የተያዘ ሊሆንም ይችላል፤ ለተሳፋሪው ልዩነት የለውም። ቀጥሎ የመንግሥት ሠራተኞች አውቶቡስ ይመጣል። ተሳፋሪዎቹ የየመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ናቸው፤ የሚያገናኛቸው የመንግሥት ሠራተኛ መሆናቸው ነው። ኮሚዩኒቲ ክላውድ እንዲህ ነው። አራተኛው፣ ሃይብሪዱ፣ የሚታየው ማታ ነው፦ ሰርቪስ ያለው ያው ባንክ ዓመታዊ ሒሳብ ሲዘጋ ሠራተኛው ያመሻል፣ ሰርቪሱ አይበቃም፣ ባንኩ ለተረፈው ሰው የታክሲ ይከፍላል።

አሁን «የሕዝብ» እና «የግል» የሚሉትን ቃላት በእነዚህ መኪኖች ላይ ለጥፎ ማየት ይቻላል። ሚኒባሱ የግለሰብ ንብረት ነው። የመንግሥት ሠራተኞቹ አውቶቡስ የሕዝብ ገንዘብ የወጣበት ነው፤ አልፎ ተርፎ ከተሜው የሚጠራው «ፐብሊክ ሰርቪስ» ብሎ ነው። ክፍት የሆነው የግሉ፣ የተዘጋው የሕዝቡ!

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአማርኛ «የሕዝብ» እና «የግል» ተቃራኒ ሆነው ሲቆሙ የሚናገሩት ስለ ባለቤትነት ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ካደረገ ወዲህ ይህ ፍቺ በሕግም በአፍም ሥር ሰዷል። የግል ባንክ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ የግል ሆስፒታል ሲባል የሚጠየቀው ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ነው፤ ማን ይገባበታል የሚለው አይደለም። የግል ሆስፒታል በር ለከፈለ ሁሉ ክፍት ነው። በኒስት ሰነድ ግን መለያው ባለቤትነት አይደለም። ፕራይቬት ለሚለው ሰነዱ የሚያስቀምጠው መስፈርት አንድ ድርጅት ብቻውን የሚጠቀምበት መሆኑ ነው፤ መሣሪያው የድርጅቱ ይሁን የሌላ፣ በግቢው ይቀመጥ ከግቢው ውጭ፣ አይለውጠውም ይላል። የእነርሱ ጥያቄ «ለማን?» ነው፤ የእኛ ትርጉም «የማን?» ለሚለው መልስ ይሰጣል። ስለዚህ አማዞን የሚያከራየው በአማርኛችን «የግል»፣ አንድ ሚኒስቴር ለራሱ ብቻ ያቋቋመው ደግሞ «የሕዝብ» ይመስላል። በጨረታ ሰነድ ላይ «የግል ደመና ይቅረብ» ተብሎ ቢጻፍ አንዱ ተጫራች ለብቻ የተለየ መሣሪያ፣ ሌላው ከግል ኩባንያ የሚገዛ አገልግሎት ተፈለገ ብሎ ዋጋ ያስገባል።

«የሕዝብ ትራንስፖርት እንላለን አይደል? የግለሰቡ ሚኒባስ እኮ እዚያ ውስጥ ነው» የሚል ተከራካሪ መነሣቱ አይቀርም። ትክክል ነው፤ ነገር ግን እዚያ ላይ ሕዝብ የሚጫነው ነገር ነው። የመንጃ ፈቃዱን አከፋፈል ማስታወስ ይበቃል፦ ሕዝብ፣ ደረቅ፣ ፈሳሽ። በዚያ ሒሳብ «የሕዝብ ደመና» ሰው የሚያመላልስ ደመና ይሆናል።

ምን ይባሉ ታዲያ? «ክፍት ደመና» ያሉ አሉ፤ በር ያልተቆለፈበት ስለሚመስል ገና ከስሙ ደንበኛ ያሸሻል። «የኪራይ ደመና» ከ«የሕዝብ» ይሻላል፤ ግን ኮንትራት የተያዘው የባንክ ሰርቪስም ኪራይ ነው፤ መለያ አይሆንም። «የወል ደመና» ውብ ነው፤ ይሁን እንጂ የወል መሬት ላይ ከብት የሚያሰማራ የአካባቢው ሰው በሰዓት አይከፍልም።

የተሻለው ጥንድ «የጋራ ደመና» እና «የብቻ ደመና» ነው። ሁለቱም ቃላት ስለ ተጠቃሚው እንጂ ስለ ባለቤቱ አይናገሩም። «ጋራ» የሚተዋወቁ ሰዎችን ነው የሚጠራው የሚል ካለ ኮንዶሚኒየምን ያስብ፤ በይፋ ስሙ «የጋራ መኖሪያ ቤት» ነው፣ ጎረቤታሞቹን ያገናኛቸው ዕጣ ነው፣ ደረጃው አንድ ቢሆንም እያንዳንዱ የራሱን በር ይቆልፋል። ብዙ ደንበኛ በአንድ መሣሪያ ላይ ሳይተያይ መኖሩ የዚህ ደመና ዋና ጠባይ ስለሆነ ቃሉ ልክ ነው። «የብቻ» ደግሞ «የግል» ላይ የተጫነውን ሸክም ያቀልለታል። «የግል» እኮ የግሉን ዘርፍም፣ በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1321 ላይ እንዳለው የሰውን የግል ዳታም የሚሸከም ቃል ነው።

«የማኅበረሰብ ደመና» አንዲት ቅርንጫፍ ብትቆረጥለት ይቃናል። ማኅበር ከግዕዙ «ኀበረ» የወጣ፣ የ«ኅብረት» እና የ«አብሮ» ዘመድ ነው። «ሰብ» ሲጨመርበት ሰፍቶ የአካባቢ ሰው ሁሉ ይሆናል፤ የአካባቢ ማኅበረሰብ የአባላት መዝገብ የለውም። የጽዋ ማኅበር፣ አክሲዮን ማኅበር፣ የማኅበር ቤት ግን አባሉ የታወቀ ነው፤ ያልተመዘገበ አይገባም። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2011 ለአሜሪካ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ተመሳሳይ ግዴታ ላለባቸው ደንበኞች የከፈተው ጋቭክላውድ ከዚህ ጋር ይቀራረባል። አገር ቤትም አስተሳሰቡ እንግዳ አይደለም፤ ባንኮቻችን አንዱ ባንክ የሰጠው ካርድ በሌላው ኤቲኤም እንዲሠራ ኢትስዊችን በጋራ ባለቤትነት ይዘዋል። «የማኅበር ደመና» ያስኬዳል።

የቀረው ሃይብሪድ ነው፤ እዚህ ላይ አማርኛ ሀብታም ስለሆነ ምርጫው ይከብዳል። «ድቅል» ከእንስሳትና ከዘር ማዳቀል የመጣ ነው፤ ከሁለት ወላጅ አንድ ጥጃ ይወለዳል። «ድብልቅ» የተፈጨ ነገር ነው፤ አንዴ ከተደባለቀ አይለይም። «ቅይጥ» በ1982 ዓ.ም. ደርግ «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ካወጀ ጀምሮ ጆሮ ለምዶታል፣ ክፉም አይደለም። የኒስት ሰነድ ግን አንድ ነገር አጥብቆ ይላል፦ ደመናዎቹ እንደየራሳቸው ይቆያሉ፣ ዳታና ፕሮግራም እንዲያሸጋግሩ ብቻ ይተሳሰራሉ። ለዚህ «ጥምር» አለ። ጥምር መንግሥት ውስጥ ፓርቲዎቹ አይከስሙም፤ እጁን ያጣመረ ሰው ሁለት እጅ እንዳለው ይቀራል። «ጥምር ደመና» ከእንግሊዝኛው ቃል እንኳ ይበልጥ የነገሩን ጠባይ ይገልጻል።

ባለሙያዎች በቢሮ ወሬያቸው ፐብሊክና ፕራይቬት ማለታቸውን አይተዉም፤ ቢሉም ነውር የለውም። ሞባይል «ተንቀሳቃሽ ስልክ»ን በአፍ አሸንፎታል፤ በአንጻሩ «ድረ ገጽ» የእንግሊዝኛውን ስም ከጽሑፍ አስወጥቶታል፣ «በይነ መረብ»ም ኢንተርኔትን እየተገዳደረ ነው። ከአማርኛዎቹ ያሸነፉት ነገሩ ምን እንደሚሠራ ተጠይቆ የተሰየሙት ናቸው።

ሥራው በአራቱ አያልቅም። ያው ሰነድ የአገልግሎት ዓይነቶች የሚላቸው ሦስት ሌሎች ስሞች አሉት፤ ለአንዱ «ሶፍትዌር እንደ አገልግሎት» የሚል ትርጉም ከወዲሁ ወጥቷል። እንግሊዝኛውን የማያውቅ ሰው «እንደ»ን ምን ላድርጋት ይላል፤ «የሶፍትዌር ኪራይ» ቢባል ግን ተከራዩም አከራዩም ወዲያው ይገባዋል።