ጉግስ

ከጓደኞቻችን መካከል ከትምህርት በኋላ የቻይናን ኩንግ ፉ የሚማሩ አሉ። በመስቀል ፍላወር ሰፈር፥ በግቢ ውስጥ፥ እግራቸውን አንፈራጠው ጉልበታቸውን አጥፈው፥ ላባቸው እስኪንጠባጠብ ድረስ ሲቆሙ እናያቸዋለን። ይህን አቋም ቻይናዎች «ማ ቡ» ይሉታል፤ «ማ» ማለት ፈረስ ነው። በደቡብ ቻይና በጓንግዶንግ የሚታወቀው ሁንግ ጋር የተባለው ስልት በዚህ ዝቅ ባለ አቋም ላይ የተመሠረተ ነው። እኛም ነገሩን ባሰብነው ጊዜ ጥቂት አፈርን። በሌለ ፈረስ ላይ መቀመጥን ከሩቅ አገር ስንማር፥ አባቶቻችን በእውነተኛው ፈረስ ላይ ሆነው የሚማሩት የጦር ትምህርት ነበራቸው፤ እርሱም ጉግስ ነው።

በጉግስ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይሰለፋሉ። ከአንደኛው ወገን የወጣው ይጋልባል፤ የሌላው ወገን ሰዎች እያሳደዱ በጦር ፈንታ የያዙትን ዘንግ ይወረውሩበታል። ተሳዳጁም ዞር ብሎ በጋሻው ይመክታል፥ ወይም በፈረሱ አንገት ላይ ተኝቶ ዘንጉን ያሳልፋል። ወደ ወገኖቹ በቀረበ ጊዜ እነርሱ ይወጡለትና አሳዳጅ የነበረው በተራው ተሳዳጅ ይሆናል። ጨዋታ ነው ብሎ የሚንቅ ቢኖር ቀረብ ብሎ ይመልከት፤ ዘንጉ ብረት ባይኖረውም ጥርስ ያወልቃል። የቀድሞው ፈረሰኛ ደግሞ እንደ ፈረንጅ መላ እግሩን በእርካብ አያገባም ነበር። እርካቡ ትንሽ ቀለበት ነበርና አውራ ጣቱን ብቻ ያስገባበት ነበር።

ጀግናም የሚጠራው በፈረሱ ስም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ ነበር። የራስ መኮንን ፈረስ ቃኘው ነበር፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር በዚሁ ስም ተሰየመ። ፈረሱ ካልረገጠው አገር ስሙ ደረሰ፤ በዚያም ከቻይና ወታደሮች ጋር ተዋጋ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጠመንጃና መድፍ በሁለቱም ወገን ነበረ። ይሁን እንጂ የሚሸሸውን የኢጣልያ ጦር ከኋላ ተከትለው ካጠቁት ውስጥ የኦሮሞ ፈረሰኞች ስማቸው የታወቀ ነው። ማሳደድ ደግሞ ጉግስ የሚያስተምረው ዋናው ነገር ነውና ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለንም። በ1928 ዓ.ም. ግን ጠላት በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ መጣ፤ ለዚህ ጋሻም ግልቢያም አልበጀም። ከዚያ በኋላ በብዙ ስፍራ ጉግስ የበዓል ማድመቂያ ሆኖ ቀረ፤ ከተማም አስፋልቱን ዘረጋበት።

የአዊ አገዎች ግን ፈረሱን አልተዉም። በ1932 ዓ.ም.፥ ጠላት ገና ከአገር ሳይወጣ፥ በዓድዋና በአርበኝነት ዘመን የዘመቱትን ፈረሶች ውለታ ለማሰብ የፈረሰኞች ማኅበር አቋቋሙ። እነሆ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፥ ፈረሶቻቸውን ሸልመው በእንጅባራ ይሰበሰባሉ። ሽማግሌውም ልጁም ይጋልባል።

እንጅባራ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ኩንግ ፉ ከሚማሩት ጓደኞቻችን ሁለቱ በሚመጣው ጥር ለመሄድ የአውቶቡስ ገንዘብ ማጠራቀም ጀምረዋል። በፈረስ ላይ ወጥቶ የሚያውቅ ግን ከመካከላችን አንድም የለም።